ግማሽ ሊትር የማርሽ ዘይት

ማቴዎስን እሑድ ጠዋት አገኙት፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ገና ከዛፋቸው ሳይወርዱ። መረባቸውን ሊያወጡ የሄዱ ሁለት አስጋሪዎች መረቡ ሲከብዳቸው «ዛሬስ አምባዛ ነው» ተባብለው ተሳሳቁ። ስበው ሲያወጡት ግን የማኅበራቸው የሞተር ጀልባ ነጂ ሆነ። የናይሎኑ መረብ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ሦስት ጊዜ ተጠምጥሞበት ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ እነዚያ ሁለት ሰዎች ግን ሳቃቸውን ለብዙ ዓመት ራሳቸውን ሲወቅሱበት ኖረዋል።

ዘመኑ 1975 ዓ.ም. ነው። ከተማዋንም ያን ጊዜ አዋሳ ነበር የምንላት። ሁዳዴ በመግባቱ ዓሣ እንደ ልብ አይገኝም፤ የማኅበሩ ብቸኛ የሞተር ጀልባም ከጠዋት እስከ ማታ እረፍት አልነበራትም።

የመቶ አለቃ አምሳሉ ሐይቁ ዳር ሲደርስ ሬሳው በጆንያ ተሸፍኗል። አምሳሉ በፖሊስነት ሃያ ሰባት ዓመት ያስቆጠረ፣ ቀስ ብሎ የሚራመድና ቀስ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው። በጃንሆይ ጊዜ ሌባ ይይዝ ነበር፤ አሁንም ሌባ መያዝ ነው የሚፈልገው። ችግሩ በዚህ ዘመን ሌባ ብርቅ ሆነ፤ የተያዘ ሰው ሁሉ «ፀረ ሕዝብ» ነው የሚባለው። ይህ ነገር ከልቡ ያሳዝነው ነበር፤ ግን አፉን ዘግቶ እንጀራውን ይበላል።

ጆንያውን ገለጠ። ሟቹ ባዶ እግሩን ነው፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። በደረት ኪሱ ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈ ሰማያዊ ከረቫት ተገኘ። አምሳሉ ከረቫቱን ጨምቆ መሐረቡ ውስጥ ጠቀለለው። መረብ ለማየት የሄደ ሰው ከረቫት ምን ያደርግለታል? ጥያቄውን ለማንም አላነሳም።

«ጀልባዋን ማን አገኛት?»

«እኔ» አሉ ኩማ። የጀልባ ማቆያው ዘበኛ ናቸው። ስድሳን አልፈዋል፤ ከቱላ በእግራቸው እየተመላለሱ ነው የሚሠሩት። አማርኛቸው አጭር አጭር ነው። «ቄጠማ ውስጥ ቆማ አገኘኋት። ሰው ጠራሁ፣ ጎተትን፣ አወጣን። ከሞተሩ ሥር ብሎን የለም። ዘይት የለም።»

«ማቴዎስ መቼ ወጣ?»

«ቅዳሜ ስድስት ሰዓት። መረብ አያለሁ ብሎ። ብቻውን ነው አሉ። እኔ ቅዳሜ ከሰዓት ዕረፍት አለኝ፤ አልነበርኩም።»

«ማታ ሳይመለስ ሲቀር ማንም አልጠየቀም?»

«ነፋስ ሲነሳ ማዶ ያድራሉ» አሉና ወደ ሐይቁ ዞሩ። ዓይናቸው ቀልቷል። አምሳሉ ከእንቅልፍ እጦት ነው ብሎ አለፈው።

* * *

ነገሩ ከአምሳሉ እጅ የወጣው በዚያው ቀን ከሰዓት ነው። የክፍለ ሀገሩ ካድሬ ጓድ ጌታቸው በላንድሮቨር መጣ። ቀድሞ የጂኦግራፊ መምህር ነበር፤ በዕድሜ የአምሳሉ ልጅ ይሆናል፣ ግን «አንተ» ነው የሚለው።

«ሞተሩን መጨረሻ የነካው ማን ነው?»

«ሙክታር» አሉ ማኅበርተኞቹ። «ሐሙስ ዕለት የማርሽ ዘይት ቀይሯል።»

ሙክታር መናኸሪያ አካባቢ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው። ከሟቹ ጋር ባለፈው ሳምንት በሰው ፊት እንደ ተጯጯኸም ተነገረ። ጌታቸው ከዚያ ወዲያ ጥያቄ አላስፈለገውም። ማታውን ሙክታር ታሰረ።

«አሻጥር ነው፣ ጓድ መቶ አለቃ» አለ ጌታቸው ቢሮው ውስጥ። «ሞተሩ የሕዝብ ንብረት ነው። ብሎኑን አላላው፤ መሀል ሐይቅ ላይ ዘይቱ ፈሰሰ፣ ማርሹ ነከሰ፣ ነጂው ሊጠግን ሲያጎነብስ ወደቀ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!»

«ወይም ብሎኑ በራሱ ላልቶ ሊሆን ይችላል።»

«በዚህ አገር ምንም ነገር በራሱ አይላላም። ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ሰውየው ከነፋይሉ ወዲያኛው ቤት ይሄዳል። እስከዚያ አጠናቅ።»

ወዲያኛው ቤት የሚባለውን የከተማው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በአሻጥር ተከሶ ወደዚያ የገባ ሰው ሲመለስ አምሳሉ አላየም። አምስት ቀን ነበረው።

* * *

ሙክታር ሰኞ ጠዋት ከእስር ክፍሉ ሲወጣ በአንድ ሌሊት ዓይኑ ጎድጉዶ ነበር።

«ከማቴዎስ ጋር በምን ተጣላችሁ?»

«እንደ በቅሎ እየጋለብክ ሞተሯን ትገላታለህ ብዬ ጮህኩበት። እሱም ሳቀ። ጥል ነው ከተባለ ይኸው ነው» አለ ሙክታር። «መቶ አለቃ፣ ሞተር መንዳት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ማለት ነው። ለቅሶው ላይ እንኳ ሳልቀመጥ...»

«ሐሙስ ብሎኑን አጥብቀኸዋል?»

«በዚህ እጄ። ምናልባት የመረብ ናይሎን የውልብልቢቱ ዘንግ ላይ ተጠምጥሞ ዘይቱን የሚይዘውን ጎማ ቆርጦት ይሆናል፤ እንደዚያ ሲሆን ዘይት ያፈሳል። ይውሰዱኝና ልፍታው።»

«አንተ ከፈታኸው ማስረጃ አጠፋ ይላሉ።»

ሙክታር ጥቂት አሰበ። «እንግዲያው እርስዎ ይፍቱት። እኔ እነግርዎታለሁ።»

አምሳሉ በሕይወቱ ብስክሌት እንኳ ፈትቶ አያውቅም። ቢሆንም «እሺ» አለ።

* * *

ማክሰኞ ጠዋት ሙክታር እጁ በካቴና እንደታሰረ ማቆያው ውስጥ ባዶ በርሜል ላይ ተቀመጠ። ሞተሩ ከጀልባዋ ወርዶ በሁለት ጣውላዎች መካከል ተሰቅሏል። በሩን የከፈቱላቸው ኩማ ደጃፉ ላይ ቆመው ቀሩ። የመቶ አለቃው ኮቱን አውልቆ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ካቻቢቴ ጨብጦ ቀረበ።

«መጀመሪያ ውልብልቢቱን ያውልቁትና ከኋላው ያለውን ዘንግ ይዩት። ናይሎን አለ?»

«የለም።»

«ጎማው ተቆርጧል?»

«ደህና ነው።»

ሙክታር አቀረቀረ። ናይሎን ቢገኝ ኖሮ ጥፋቱ የማንም አይሆንም ነበር።

«ዘንጉን በእጅዎ ያዙሩት። ቀስ ብለው። ይሻክራል?»

«አይሻክርም።»

«ይንገጫገጫል?»

«ምንም ድምፅ የለውም።»

የሙክታር ግንባር ተቋጠረ። «እንዴት ይሆናል? እስቲ ከላይ በኩል ያለውን ትንሿን ብሎን ይዩልኝ።»

«አለች። ግን ጫፏ ተፋፍቋል። በቢላዋ የፈቷት ትመስላለች።»

«እኔ ብሎን በቢላዋ አልፈታም፣ ነውር ነው!» አለ ሙክታር ከበርሜሉ ብድግ ብሎ። «መቶ አለቃ፣ ዘይት ሲወጣ የላይኛዋ ካልተፈታች አየር አይገባም፤ በታችኛው በኩል ዘይቱ በደንብ አይወርድም። ብሎን በራሱ የወለቀ ቢሆን የታችኛው ብቻ ነው የሚወልቀው። ይህችን ሰው ነክቷታል። የማርሹን ቤት ይክፈቱት።»

ማርሹን ማውጣት አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። አምሳሉ ሁለት ጣቱን ላጠ፤ አንድ ብሎን ሳያውቅ ወደ ቀኝ እያዞረ ጥሩ አድርጎ ሲያጠብቅ ሙክታር «በሌላው በኩል፣ ጌታዬ፣ በሌላው» እያለ በዚያ ሁሉ ጭንቅ ውስጥ ሊስቅ ደረሰ። በመጨረሻ ማርሾቹ ጣውላው ላይ ተደረደሩ።

«ቀለማቸው ምንድን ነው?»

«የብረት ነው።»

«ብረት ስንት ቀለም አለው መሰለዎት! ያለ ዘይት የሮጠ ማርሽ ሩብ ሰዓት ሳይሞላው ሰማያዊ ይሆናል፤ ከዚያ ይጠቁራል፤ ጥርሱም ይላጣል። ጥርሱን ይዩት።»

አምሳሉ አንዱን ወደ ብርሃኑ አነሳው። «እንደ ታጠበ ማንኪያ ያበራል።»

«በመሐረብዎ የውስጡን ግድግዳ ይጥረጉት።»

ጠረገና መሐረቡን ዘረጋው። ሽታው አፍንጫውን ሰነፈጠው።

«ቢጫ ነው። እንደ ማር።»

«ውሃ የገባበት ዘይት አሬራ ይመስላል። ነጭ ነገር የለውም? የብረት ብናኝስ?»

«ምንም የለውም።»

ሙክታር እንደገና በርሜሉ ላይ ተቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑ እንባ ሞላ። «ይህ ማርሽ ያለ ዘይት አንድ ዙር አልዞረም። ብሎኑ ውሃ ውስጥ ወልቆ ቢሆን ደግሞ ሐይቁ በገባበት ነበር። ዘይቱ የወጣው በደረቅ ነው። ጀልባዋ ሠርታ፣ ደርሳ፣ ከቆመች በኋላ፣ ሞተሯ ከውሃ ተነስቶ። ማቴዎስን የገደለው ሞተሬ አይደለም!»

አምሳሉ አሰበ። ሟች ጀልባ ነድቶ አይመለስም። እንግዲያው ሌላ ሰው ነበር።

«ዘይቱ ጀልባዋ በቆመችበት ቢፈስ ቄጠማው ላይ እናየው ነበር» አለ። «እኔ አላየሁም።»

«ማን ይደፋዋል? ለዚህች ግማሽ ሊትር አርባ ቀን ደጅ ጠንቻለሁ። ያወጣው ሰው አንድ ቦታ አስቀምጦታል። የትም ይደብቀው፣ ሽታው አይደበቅም። እንደ በሰበሰ ዕንቁላል ነው።»

ሲወጡ ኩማ ደጃፉ ላይ አልነበሩም። ቁልፉን መዝጊያው ላይ ሰክተው ትተውት ሄደዋል።

በዚያው ቀን አምሳሉ ነገሩን ለጌታቸው በስልክ አስረዳ። ጌታቸው እስከ መጨረሻው አዳመጠውና «ማርሹ አበራም አላበራም ዘይቱ የለም» አለ። «ሙክታር ካልሆነ ሌላ ስም አምጣ። ስም ከሌለህ ያው ሙክታር ነው።»

* * *

ረቡዕ የሟቹን ሚስት ታቢታን ሊጠይቅ ሄደ። ቤቷ ከሐይቁ ብዙም አይርቅም። ለቀስተኞቹ በዝግታ አንድ ዜማ እያዜሙ ነበር፤ የደንብ ልብሱን ሲያዩ ዜማው እንደ ተቆረጠ ክር ቆመ። አምሳሉ ጴንጤዎች መሆናቸውን ያውቃል። የጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ሦስተኛ ዓመቱ ነው።

ታቢታ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ደረቅ ሳል ያስላታል። ውሃ ልታቀርብለት እጇን ስትዘረጋ ነጠላዋ ተንሸራተተና ክንዷ ላይ አራት ጣት ከነአውራ ጣቱ በልዞ ታየ። በኃይል የተያዘ ክንድ ነው።

«ማን ነው እንዲህ አድርጎ የያዘሽ?»

«ባሌ ነው።»

«መቼ?»

«ቅዳሜ።»

«ተጣልታችሁ ነበር?»

«አንድ ቀን ተጣልተን አናውቅም፣ ጌታዬ።»

የሚደበድብ ባል፣ የተቆጣ ወንድም ወይም አማች፤ አምሳሉ ይህን መንገድ ሃያ ሰባት ዓመት ሲመላለስበት ኖሯል። ግማሽ ቀን ሙሉ ጎረቤቶቿን ሲጠይቅ ዋለ። ወርቄ የምትባል ባለ ሱቅ ከት ብላ ሳቀችበት። «ማቴዎስ ነው የሚደበድብ? ዶሮ ማረድ ፈርቶ እኮ ለባሌ ነው የሚያመጣው!» ወንድምም የላትም። ያ መንገድ እዚያው አበቃ።

ጠዋት ከታቢታ ቤት ከመውጣቱ በፊት አንድ ነገር ጠይቋት ነበር። «ሰማያዊው ከረቫት ምኑ ነው?»

«የሠርጉ ነው» አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ቅዳሜ ለምን እንደያዘው ሲጠይቃት ተነስታ ወደ ለቀስተኞቹ ገባች።

* * *

ሐሙስ ዕለት ኩማ ሥራ አልገቡም። አምሳሉ ወደ ቱላ ሄደ።

ቀድሞ ያገኘው ሽታውን ነው። በዕንሰቱ መሀል ባለችው ቀጭን መንገድ ላይ እየሄደ ሳለ የማክሰኞው መሐረብ ሽታ መጣበት። ቀና ብሎ አየ። በመንደሩ ያለ አጥር ሁሉ ምስጥ እንዳይበላው የተቃጠለ ዘይት ተቀብቶ ጥቁር ነው፤ ከጋራዥ የሚለመን፣ ዋጋ የሌለው ጥቁር ዘይት። የኩማ አጥር ግን ግራጫ ደረቅ እንጨት ነበር፤ ከበሩ ወዲህና ወዲያ ካሉት አራት ቋሚዎች በስተቀር። እነዚያ አራቱ የማር ቀለም አላቸው። አምሳሉ አንዱን በጣቱ ነካና አሸተተው። ልቡ በደስታ ፈንታ ኀዘን ሞላው።

ኩማ ከቤት ወጡ። «እየጠበቅኩዎት ነበር» አሉ። «እኔ ነኝ። ሌላ ሰው የለም።»

«ጋሽ ኩማ፣ ከረቫቱን አይቻለሁ። የታቢታንም ክንድ አይቻለሁ። ሌላ ሰው አለ። ይንገሩኝ፤ አልጽፍም።»

ሽማግሌው የአምሳሉን እጆች አዩ። እውነትም ወረቀት አልያዘም። ደጃፉ ላይ ካለችው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ቤታችን ታሽጓል። አዲስ ሰው ሲመጣ ማዶ ሄደን በሐይቁ እናጠምቃለን። ቅዳሜ አሥራ ሁለት ነበርን። ማቴዎስ አድርሶ ይመልሰናል። ያን ቀን የምትጠመቀው ታቢታ ነበረች። እሱ እንደ ሠርጉ ቀን ለበሰ። ከረቫት አሰረ፤ ስንጨርስ አጥፎ ኪሱ ከተተ። ስንመለስ ነፋሱ መጣ። ጀልባዋ አጋደለች። ታቢታ ወደቀች። እሱ ዘሎ ገባ። ክንዷን ያዘ፣ ወደ እኛ ገፋት። እኛ ጎተትናት። እሱ ሊወጣ ሲል አንድ ነገር እግሩን ያዘው። አንዴ ቀና ብሎ አየን። ከዚያ የለም። ሞተሩን እኔ ያዝኩ፤ እስኪመሽ ዞርን። የለም።»

ዕንሰቱን ነፋስ አንሿሿው። አምሳሉ የታቢታን ክንድ አስታወሰ። ባሏን ደብዳቢ አድርጎ ግማሽ ቀን ሰፈር ለሰፈር ሲጠይቅ መዋሉ አሳፈረው። የዚያ ሰው የመጨረሻ ሥራ ነበር ክንዷ ላይ የቀረው።

«ዘይቱንስ?»

«ማቴዎስ ዋና ያውቃል፤ ሰው ሁሉ ያየዋል። እንዴት ሞተ ይላሉ። ከማን ጋር ነበር ይላሉ። አሥር ሰው ይታሰራል። ሰዎቹን ቄጠማው ጋ አወረድኩ፣ ላክኋቸው። ከዚያ አሰብኩ። ሞተር ተበላሸ ከተባለ ማንም አይጠይቅም። ሙክታር ሲያደርግ አይቻለሁ፤ ላይ ይፈታል፣ ታች ይፈታል። በዓሣ ቢላዋዬ ፈታሁት። ብረት ቢበላሽ ብረት አይታሰርም ብዬ ነበር።»

በዚያ ዘመን ብረት ብቻውን አይበላሽም ነበር፤ ወፍጮ ቢቆም፣ አውቶቡስ ቢገለበጥ፣ መብራት ቢጠፋ እንኳ የሚታሰር ሰው ይፈለግለታል። ይህን የከተማ ሰው ሁሉ ያውቃል። ኩማ ግን ከዕንሰታቸውና ከጸሎታቸው ውጭ ሌላ ዓለም አያውቁም።

«ሙክታር ከታሰረ አምስተኛ ቀኑ ነው። እንዴት ዝም አሉ?»

«ልናገር ሦስት ጊዜ መንገድ ጀመርኩ። ሦስቱንም ጊዜ አሥሩ ሰዎች ፊቴ መጡ፤ ሁለቱ እመጫት ናቸው። ደግሞ ሙክታር ፊቴ መጣ። አምላኬን ጠየቅሁ። እሱም ዝም አለ።»

«ዘይቱን ግን ለምን አልደፉትም? እሱን ባይቀቡት ኖሮ እኮ አላገኝዎትም ነበር።»

ኩማ ጥያቄው ገረማቸው። «ደህና ዘይት እንዴት ይደፋል? አጥሬን ምስጥ በላው።»

አምሳሉ አራቱን ቋሚዎች እያየ ቆየ። ከዚያ በሃያ ሰባት ዓመት ሥራው አስቦት የማያውቀውን ነገር አሰበ። አንድ ሌባ ቢገኝ ሁሉም ይድናል።

«ጋሽ ኩማ፣ ያቺ ዘይት የማን ናት?»

«የማኅበሩ።»

«ማን ወሰዳት?»

«እኔ።»

«አስፈቅደው ነው?»

«አይደለም።»

«ለምን ዋለች?»

«ለአጥሬ።»

«የማኅበሩን ዘይት ሳያስፈቅዱ ወስደው ለአጥርዎ ተጠቀሙ። እኔ የምጽፈው ይህን ነው። ከዚህ ውስጥ ውሸት የቱ ነው?»

ሽማግሌው ነገሩ ሲገባቸው ፊታቸው ተለወጠ። «ሌባ ልባል? ስድሳ አራት ዓመት ኖሬ የሰው ዕንሰት ቅጠል አልነካሁም! ልጆቼ የሌባ ልጅ ይባሉ?»

«አዎ፣ ይባላሉ። እርስዎም ወራት ይታሰራሉ፤ ሥራዎም ይቀራል። ሙክታር ግን ነገ ቤቱ ይገባል፤ አሥሩንም የሚጠይቃቸው የለም። ከዚህ የተሻለ ካለዎት ይንገሩኝ።» ድምፁ ራሱን አስፈራው። ሽማግሌን እንዲህ ያለ ነገር ጠይቆ አያውቅም።

ኩማ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። በመጨረሻ የቀኝ አውራ ጣታቸውን ለአሻራ ዘረጉ። «ውሸት የለውም» አሉ ቀስ ብለው። «ይጻፉ።»

* * *

ዓርብ በአራት ሰዓት አምሳሉ ማርሾቹን በጋዜጣ ጠቅልሎ የጌታቸው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣቸው። ቢጫው ዘይት የጠረጴዛውን ልባስ አረጠበው።

«የሕዝብ ንብረት አልተጎዳም» አለ። «ማርሹ ደህና ነው፣ ጎማው ደህና ነው። የጎደለው ግማሽ ሊትር ዘይት ነው። ዘበኛው ጀልባዋን ቄጠማ ውስጥ ሲያገኛት ቀድቶ ለአጥሩ ወሰደው። አጥሩን ሄደው ማሽተት ይችላሉ። ነጂው በነፋስ ውሃ ውስጥ ገባ፤ መረብ ያዘው፤ ሞተ።»

ጌታቸው የአውራ ጣት አሻራ ያረፈበትን ቃል ሁለት ጊዜ አነበበ። ቅር ያለው ይመስላል። «ለምስጥ? አሥር ገጽ ያዘጋጀሁበት አሻጥር ለምስጥ ሆነ?»

«ለምስጥ ነው፣ ጓድ።»

ጌታቸው እስክሪብቶውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። «መረብ ለማየት የወጣ ነጂ ለምን ነጭ ሸሚዝ ለበሰ?»

አምሳሉ የጋዜጣውን ጫፍ አስተካከለ። «ደሃ ነበር» አለ። «ሸሚዙ ሁለት ነው። አንዱ ነጭ ነው።»

የቀድሞው መምህር ለረጅም ጊዜ አየው። ያን አስተያየት አምሳሉ እስከ ጡረታው ድረስ ሲያስታውሰው ኖሯል፤ ሰውየው አመነውም ይሁን ደክሞት ይሁን ከቶ አላወቀም። ከዚያ ጌታቸው ፈረመ።

ጣቢያው በር ላይ ታቢታ ቆማ ጠበቀችው። እየሮጠች ነው የመጣችው፤ ሳሉ እስትንፋስ ነስቷታል። «ልናገር ነው የመጣሁት» አለች። «ባሌ ለእኔ ሞቷል። አሁን ደግሞ ሌላ ሰው ለእኔ ሊሞት ነው? አልችልም። ቅዳሜ...»

«ቅዳሜ የሆነውን አውቄዋለሁ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ማንም አይሞትም። ለማንም እንዳትናገሪ።» ከኪሱ ሰማያዊውን ከረቫት አውጥቶ ሰጣት። በዝርዝሩ ላይ አልመዘገበውም ነበር። «ክንድሽን ሸፍኚ። ከሳምንት በኋላ ይጠፋል።»

«ባይጠፋልኝ ነው የምፈልገው» አለችና ከረቫቱን ደረቷ ላይ ይዛ አለቀሰች።

ጣቢያው ውስጥ ኮሪደር ላይ ሙክታር ሲወጣና ኩማ ሲገቡ ተገናኙ። አጃቢው ፖሊስ «ያሳሰረህ ሌባ ይኸው» አለው ለሙክታር። ኩማ ቆሙ። «ይቅር በለኝ» አሉ። ሙክታር ሽማግሌውን አየ፤ ከዚያ ያ ሽታ ያልለቀቀውን እጃቸውን አየ።

* * *

ኩማ ስምንት ወር ተፈረደባቸው።

ሰኔ ሲገባ አምሳሉ ለሌላ ጉዳይ ቱላ ሄዶ ነበር። በዚያች ቀጭን መንገድ ሲያልፍ የኩማ አጥር አጠገብ አንድ ሰው አጎንብሶ አየ። ሙክታር ነው። ከጋራዡ ያመጣውን ጥቁር ዘይት በጣሳ ይዞ በአሮጌ ብሩሽ ቋሚዎቹን ይቀባል። ገሚሱን ጨርሷል።

«ምን ታደርጋለህ?»

«አዲስ ዘይት ለምስጥ አይሆንም፣ መቶ አለቃ» አለ ሙክታር ቀና ሳይል። «ሽማግሌው አያውቁም። የተቃጠለው ነው የሚሻለው።»

«ባጠፉት ጥፋት አንተ ታስረህ አልነበረም?»

ብሩሹ ቆመ። «አርባ ቀን ደጅ የጠናሁበትን ዘይት የሚሰርቅ ሌባ ይሸጠዋል እንጂ አጥር አይቀባበትም። ሌላ ነገር እንዳለ ያን ቀን ኮሪደር ላይ ገብቶኛል። ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። አሁንም አልጠይቅዎትም።» ደግሞ አንድ ቋሚ ጀመረ። «አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ማቴዎስ እንዴት ሞተ? በክፉ ነው?»

«በክፉ አይደለም» አለ አምሳሉ። «ሰው አድኖ ነው።»

ሙክታር ራሱን ነቀነቀ፤ በክንዱ ዓይኑን ጠረገና መቀባቱን ቀጠለ። አምሳሉ ጥቂት ቆሞ አየው። ከዚያ ቆቡን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለና ጣሳውን ከሙክታር እጅ ተቀብሎ ያዘለት።

«ስንት ቋሚ ቀረህ?»

«ዘጠኝ።»